ሠዓሊው ክሎድ ሞኔና የማለዳው ባሕር

በዓለም ስማቸው ከገነነ ሠዓሊዎች አንዱ የሆነው ክሎድ ሞኔ በ1840 ኖቬምበር 14 ቀን በፓሪስ ከተማ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አምስት ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ለ አቭር ወደምትባለው የወደብ ከተማ ስለ ተዛወሩ ሞኔ ያደገው በባሕር ዳር ነው፤ የኛን ባሕር ዳር ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። በትምህርት ቤት ሳለ ትምህርቱን ከመከታተል ይልቅ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የመምህራኑን መልክ እያጣመመ መሣል ይወድ ነበር። ይህንንስ ተማሪዎቻችን ባይከተሉት ይሻላል። ነገር ግን እነዚያ የሚያስቁ ሥዕሎች በከተማው ታውቀው በገንዘብ መሸጥ ጀመሩ።

በዚያች ከተማ ኤውዤን ቡደን የሚባል የባሕርና የሰማይ ሠዓሊ ነበረ። ሞኔ በመጀመሪያ የቡደንን ሥራ አይወድለትም ነበር። ቡደን ግን ወጣቱን ከቤት አውጥቶ ወደ ሜዳ ወሰደውና በነፋስና በፀሐይ መካከል ቆሞ እንዲሥል አስተማረው። በዚያን ዘመን አብዛኛው ሠዓሊ ሥራውን የሚፈጽመው በቤቱ ተቀምጦ ስለ ነበረ ይህ እንግዳ ነገር ነበር። ሆኖም ሁለት ነገሮች መንገዱን ጠርገው ነበር። አንደኛው ቀለም በ1841 በተፈለሰፈ የቆርቆሮ ቱቦ ተሞልቶ ሳይደርቅ ወደ ሜዳ መወሰድ መቻሉ ነው። ሁለተኛው የምድር ባቡር ነው። ከፓሪስ ተነሥቶ ለ አቭር የሚደርሰው ሐዲድ በ1847 ስለ ተከፈተ በፈረስ ሠረገላ ያደክም የነበረው መንገድ የጥቂት ሰዓታት ጉዞ ሆነ። የባቡሩም መነሻ ሴን ላዛር የሚባለው ጣቢያ ነበር። የኛ አገር መንገደኛ ገና ሳይነጋ ወደ መናኸሪያ እንደሚገሰግስ፥ የፓሪስም ሰው በዚያ ጣቢያ እየተጋፋ ወደ ኖርማንዲ ባሕር ይወርድ ነበር። ሞኔ ይህን ጣቢያ ስለ ወደደው በ1877 የባቡሩን ጢስና እንፋሎት ከመስተዋቱ ጣራ በታች እያሳየ ወደ 12 የሚጠጉ ሥዕሎች ሣለው።

በ1870 ሞኔ ካሚል የምትባለውን ወዳጁን አግብቶ በዚያው በጋ ትሩቪል በተባለው የባሕር ጠረፍ ከረመ። ያን ጊዜ በባሕሩ ዳር ከሣላቸው ሥዕሎች አንዱ ዛሬ በሎንዶን ብሔራዊ የሥዕል ቤት ይገኛል። ሊቃውንት ሥዕሉን ሲመረምሩ ከደረቀው ቀለም ውስጥ ነፋስ ያመጣው የባሕር አሸዋ ተለጥፎ አገኙ። ሠዓሊው በዚያ ስፍራ መቆሙን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ያለ አይመስለኝም።

እጅግ የታወቀው ሥዕሉ የተሣለው ግን በለ አቭር ነው። ሞኔ በወደቡ ፊት ለፊት ካለ ሆቴል አድሮ በማለዳ በመስኮት ሲመለከት ጉሙ ባሕሩን ሸፍኖት ነበር። የመርከቦቹ ምሰሶ በጭጋጉ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል፤ ሁለት ሦስት ትንንሽ ጀልባዎች ይቀዝፋሉ፤ ፀሐይዋ እንደ ፍም ቀልታ ብርሃኗን በውኃው ላይ ትሰነጥቃለች። ይህንኑ በችኮላ ሣለው። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዶናልድ ኦልሰን የፀሐይዋን ከፍታ፥ የባሕሩን ሙላትና የዕለቱን አየር አመሳክሮ፥ ሥዕሉ የሚያሳየው ሰዓት በ1872 ኖቬምበር 13 ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ሳይሆን እንደማይቀር በ2014 ገልጿል። ይህም ከሆነ ሞኔ በማግሥቱ 32 ዓመት ሞላው ማለት ነው።

ሥዕሉ በ1874 በፓሪስ ለሕዝብ በታየ ጊዜ ሉዊ ለርዋ የሚባል ጋዜጠኛ ከግድግዳ ወረቀት አሳንሶ ተሳለቀበት። ሞኔ ሥዕሉን ኢምፕረሲዮን ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ዓይን አንድን ነገር ባየ ቅጽበት በልብ ላይ የሚታተመው ማለት ነው። ጋዜጠኛው በዚህ ስም ሠዓሊዎቹን ሁሉ ኢምፕረሲዮኒስት እያለ ቀለደባቸው። ስድቡ ግን ስማቸው ሆኖ ቀረ።

በነዚያ ዓመታት ሞኔ ድኻ ነበር፤ ለቀለምና ለቤት ኪራይ ከወዳጆቹ ይበደር ነበር። በ1879 ካሚል ሁለት ወንዶች ልጆች ትታበት በ32 ዓመቷ አረፈች። በአስከሬኗ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፥ ሞት በፊቷ ላይ ያመጣውን ሰማያዊ፥ ቢጫና ግራጫ ቀለም ዓይኑ ሳያስበው ሲቈጥር አገኘው። ያን ፊት ሣለው። ከብዙ ዘመን በኋላ ለወዳጁ ለክሌማንሶ ይህን ሲያጫውተው በራሱ እንደ ደነገጠ ሰው ነበር። አንዳንዶች ጭካኔ ይሉት ይሆናል፤ እኔ ግን የሚወዳት ሴት ከፊቱ ስትጠፋ ሌላ መያዣ ያጣ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

ወደ ባሕሩ መመለሱን ግን አልተወም። ኤትርታ በሚባለው ገደላማ ጠረፍ ልጆች አምስት ስድስት ሸራ ተሸክመው ይከተሉት እንደ ነበር ደራሲው ሞፓሳን ጽፏል። ሸራዎቹ የአንድ ስፍራ ሥዕሎች ሲሆኑ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ያነሣ ነበር። በ1885 የባሕሩን ሙላት በትክክል ሳያሰላ ከገደሉ ሥር ቆሞ ሲሥል ማዕበል ደርሶ ከቋጥኙ ጋር አላተመው። ሸራውንና ዕቃውን ባሕር ወሰደበት፤ እርሱ ጺሙ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም ተለውሶ በጭንቅ ዳነ።

ይህንኑ ልማድ በመኖሪያው በዢቨርኒ መንደር በእህል ክምር ላይ ፈጸመው። በ1890 እና በ1891 ከቤቱ አጠገብ የተከመረውን የስንዴ ነዶ በጧት፥ በቀትር፥ በአመዳይና በበረዶ 25 ያህል ጊዜ ሣለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከወረታ ወጣ ብሎ የፎገራን ሜዳ በማለዳ የተመለከተ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከጣና በኩል የመጣው ጉም ሜዳውን ሲሸፍነው የሩዙ ክምር እንደ ጥቁር ጎጆ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ፀሐይ ከጉና በኩል ብቅ ስትል ጫፉ ይቀላል፤ ረፋድ ላይ ወርቅ ይመስላል፤ ቀትር ሲሆን ገርጥቶ ተራ ገለባ ይሆናል። ባለቤቱ ገበሬ የሚያስበው ስለ ውቂያው ነው፤ የዢቨርኒ ገበሬዎችም እንደዚሁ ነበሩ።

የክምሮቹ ሥዕሎች በ1891 ለሕዝብ ታይተው ወዲያው ስለ ተሸጡ ሞኔ ከችግር ወጣ። በእርጅናው ግን የዓይን ሞራ ያዘው። ቀለሞቹን በቱቦው ላይ ከተጻፈው ስም እየለየ እስኪሠራ ደረሰ፤ በ1923 ቀኝ ዓይኑን ተቀደደ። እንዲህም ሆኖ በኩሬው ላይ የተንሳፈፉትን አበቦች የሚያሳዩትን ታላላቅ ሥዕሎች ለፈረንሳይ መንግሥት በስጦታ አዘጋጀ። በ1926 ዲሴምበር 5 ቀን በ86 ዓመቱ ሞተ፤ ሥዕሎቹም በማግሥቱ ዓመት በፓሪስ በኦራንዥሪ አዳራሽ ለሕዝብ ተከፈቱ።

በዚያው በ1926 ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ አገኘሁ እንግዳ ለትምህርት ወደ ፓሪስ ሄዱ። በዚያን ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሻገር መንገደኛ በምድር ባቡር ሦስት ቀን ያህል ተጉዞ፥ በአዋሽና በድሬዳዋ እያደረ፥ ያን ጊዜ በፈረንሳይ እጅ ወደ ነበረው ወደ ጅቡቲ ባሕር ይወርድና በመርከብ ወደ ማርሴይ ያቀና ነበር። አገኘሁም በፓሪሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1933 ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ።