ያላየውን ብረት ያወቀው ሊቅ

የጫግኒ አርሶ አደር በማሳው የሚጨምረው ማዳበሪያ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዟል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ ያሰለፈውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ያዘጋጀው ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ በ1834 በሩሲያ ሳይቤሪያ ተወለደ። አባቱ የዓይን ብርሃናቸውን ሲያጡ እናቱ የመስታወት ፋብሪካ እየመሩ አሳደጉት፤ ፋብሪካው ሲቃጠልም ልጃቸውን ይዘው ትምህርት ፍለጋ ሩቅ ተጓዙ።

በ1869 የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በአቶማዊ ክብደታቸው ሲደረድር፣ ባሕርያቸው በየተራ ተመልሶ እንደሚመጣ አስተዋለ። ላልተገኙት ባዶ ቦታ ትቶ ባሕርያቸውን ተነበየ።

በ1875 ጋሊየም ተገኝቶ እፍግታው 4.7 ተብሎ ሲለካ፣ ሜንዴሌቭ ብረቱን ሳያይ ልኬቱን ተጠራጥሮ እንዲደገም አሳሰበ። ውጤቱ እሱ እንደተነበየው 5.9 ገደማ ሆነ። ስካንዲየምና ጀርመኒየምም ተከተሉ። በእርሻው ማዳበሪያ ይሞክር የነበረው ሊቅ በ1907 ሲያርፍ፣ ሦስቱ ባዶ ቦታዎች ተሞልተው ነበር።