ዛፎችን ያዘመተ ደራሲ

ደራሲው ጆን ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1892 በዛሬይቱ ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር አደገ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ፥ ንባብንም የዕፀዋትንም ጠባይ ያስተማረችው እናቱ ማቤል ናት። እርስዋም በ1900 ካቶሊክ በመሆኗ ብዙ ዘመዶቿ ርዳታቸውን ነፈጓት፤ በ1904 ልጆቿን ለአባ ፍራንሲስ ሞርጋን በዐደራ ትታ ዐረፈች።

ቶልኪን በተማሪነቱ፥ በሼክስፒር «ማክቤዝ» ተራመደ የተባለው ጫካ ወታደሮች የተሸከሙት ቅርንጫፍ ብቻ ሆኖ ቢያገኘው አልረካም፤ ዛፎቹ ራሳቸው እንዲዘምቱ ተመኘ። የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ከሆነም በኋላ፥ በዚያ ቋንቋ ግዙፍ ፍጡር ማለት የሆነውን «ኤንት» የሚለውን ቃል «የቀለበቶቹ ጌታ» በተሰኘው ድርሰቱ (1954–1955) ለዛፍ መሰል የደን እረኞች ስም አደረገው። እነርሱም ደናቸውን በመጥረቢያ ያጠፋውን ጠላት ተነሥተው ድል ነሡ።

ቶልኪን በ1973 እስኪያርፍ በካቶሊካዊ እምነቱ ጸና። እምነትንም የዛፍን ፍቅርም ያወረሰችው ያች እናት ናት።