ኒኮ ፓፓታኪስ፦ አዲስ አበባ ተወልዶ ፓሪስ ላይ ነጻ ፊልም የሠራው ሰው

ዛሬ የማስተዋውቃችሁን ሰው ፈረንሳይ አገር የፊልም ነገር የገባው ሁሉ ያውቀዋል። እዚህ ክፍላችን ውስጥ ግን ስሙን ጠርቼ የጠየቅኳቸው ጓደኞቼ በሙሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ። የሚገርመው ሰውየው የተወለደው ከወልቂጤ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በማትሞላው በአዲስ አበባ ነው። ኒኮ ፓፓታኪስ ይባላል።

ወደ ሕይወቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ኢንዲፔንደንት ወይም ነጻ ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ብር ያጠረው ፊልም ይመስለናል። እርግጥ ብር ብዙ ጊዜ ያጥረዋል። ዋናው ቁም ነገር ግን ታሪኩን ቀይር፣ መጨረሻውን አሳምር ብሎ የሚያዘው ትልቅ ኩባንያ የሌለው መሆኑ ነው። አርት ሃውስ የሚባለው ደግሞ እንዲህ ያለውን ፊልም መርጦ የሚያሳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የሆነ ሲኒማ ቤት ነው። እኔ ቡታጅራ ሳድግ የማውቀው ሲኒማ ቪዲዮ ቤት ነበር። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የምናየው የህንድና የካራቴ ፊልም እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፣ አልክድም። ነገር ግን ፊልም ሌላም መልክ እንዳለው ያሳየኝ የኒኮ ታሪክ ነው።

ልጅነትና ስደት

ኒኮ ሰኔ 28 ቀን 1910 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1918) ከግሪካዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በንግድና በልዩ ልዩ ሙያ የሚተዳደሩ ግሪኮች ነበሩ። ከተማዋ ከሲኒማ ጋር ገና መተዋወቋ ነበር፤ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞት እንደነበር በታሪክ ትምህርት ሰምተናል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ስትወር ኒኮ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በእኛ ዕድሜ ቢሰላ የፕሪፓራቶሪ ተማሪ ማለት ነው። እሱ ግን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። አገሪቱ በወራሪ እጅ ስትወድቅ መሰደድ ግድ ሆነበት። ወደ ሊባኖስ፣ ከዚያ ወደ ግሪክ ሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ፓሪስ ገባ። ምን ያደርጋል፣ በዓመቱ ፓሪስ ራሷ በጀርመን ተያዘች! ከአንዱ ፋሺስት ሸሽቶ ሌላውን አገኘው። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የሠራቸው ፊልሞች ሁሉ አንዱ ሌላውን ስለሚረግጥበት ዓለም ናቸው፤ ነገሩ ከመጽሐፍ የመጣ አይመስለኝም።

ከምሽት ቤት የተገኘ የፊልም ገንዘብ

ፓሪስ ሲደርስ ኒኮ ዘመድም ሀብትም አልነበረውም። ሳን ዠርማን ደ ፕሬ በሚባለው ሰፈር ካፌዎች ውስጥ ግን ዣን ፖል ሳርትርን፣ ገጣሚውን ዣክ ፕሬቬርን፣ በተደጋጋሚ የታሰረውን ደራሲ ዣን ዠኔን ተዋወቀ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ላ ሮዝ ሩዥ (ቀይዋ ጽጌረዳ) የተባለች ምሽት ቤት መምራት ጀመረ። ቤቷ የመጠጥ ቤት ብቻ አልነበረችም። ዤልየት ግሬኮ ዘፍናባታለች፤ ሌ ፍሬር ዣክ የተባለው የአራት ሰዎች የዘፈን ቡድንም ስሙ የገነነው እዚያ ነው።

ታዲያ ኒኮ ትርፉን ምን አደረገበት? እ.ኤ.አ. በ1950 ዣን ዠኔ በሕይወቱ የሠራትን ብቸኛ ፊልም ፕሮዲውስ አደረገ። «የፍቅር ዜማ» የተባለችው ይህች ፊልም 26 ደቂቃ ያህል ብቻ ርዝመት ያላት፣ ድምፅ የሌላት፣ ጥቁርና ነጭ ናት። ግድግዳ የለያቸው ሁለት ወንድ እስረኞችና በቀዳዳ የሚሰልላቸው ዘበኛ አሉባት። አንደኛው የሲጋራ ጭሱን በገለባ አድርጎ በግድግዳው ቀዳዳ ለሌላው የሚያሳልፍበት ትዕይንት በፊልም ትምህርት ቤቶች ዛሬም ይጠቀሳል። በዘመኑ ግን ፊልሟ እንደ ነውር ተቆጥራ ለረጅም ዓመታት በአደባባይ መታየት አልቻለችም። እ.ኤ.አ. በ1964 እንኳ ኒውዮርክ ላይ ያሳያት የፊልም ሰው ዮናስ ሜካስ ታስሯል። እንግዲህ አስቡት፤ የማይሸጥ ብቻ ሳይሆን የሚያሳስር ፊልም ላይ ገንዘብን ማውጣት!

በ1950ዎቹ መጨረሻ ኒኮ ኒውዮርክ ሄዶ ከተዋናዩ ጆን ካሳቬትስ ጋር ተገናኘ። ካሳቬትስ «ጥላዎች» የተባለ ፊልም ጀምሮ ነበር። የፊልሙ አጀማመር ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። ካሳቬትስ በአንድ የሌሊት ሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ስለ ተራ ሰዎች የሚናገር ፊልም ማየት የሚፈልግ ብር ይላክልኝ አለ፤ አድማጮችም አንድ ሁለት ዶላር እየላኩ አዋጡ። ታሪኩ የሦስት ጥቁር ወንድማማችና እህትማማች ነው፤ ሁለቱ መልካቸው ከመቅላቱ የተነሳ ነጭ ይመስላሉ። ኒኮ ፊልሙ እንዲጠናቀቅ ገንዘብ በማፈላለግ ረድቷል፣ ስሙም ከፕሮዲውሰሮቹ ተራ ተጽፏል። በ1959 የተጠናቀቀው «ጥላዎች» የአሜሪካ ነጻ ፊልም በር ከፋች ተደርጎ ይቆጠራል። ከሁለት ዘር የተወለደው ኒኮ ይህን ታሪክ ሲያይ ልቡ ሳይነካ የቀረ አይመስለኝም።

ሁለቱ የቤት ሠራተኞች

ኒኮ ራሱ ዳይሬክተር የሆነው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያ ፊልሙ «ሌዛቢስ» እ.ኤ.አ. በ1963 ሲወጣ ዕድሜው 45 ሊሆን ምንም አልቀረውም። መነሻው የጋዜጣ ወሬ ነው። በ1933 ለ ማን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ሁለት እህትማማቾች የቤት ሠራተኞች አሠሪያቸውንና ልጇን ገደሉ። ጉዳዩ አገር አነጋገረ። ኒኮ ግን የወንጀል ምርመራ ፊልም አልሠራም። ደመወዛቸው ሳይከፈል የቆዩ፣ የሚኖሩበት ቤት ሊሸጥባቸው የተቃረበ ሁለት ሴቶች ቁጣቸው እንዴት እንደሚጠራቀም ነው ያሳየው። ተዋናዮቹም ፍራንሲንና ኮሌት ቤርዤ የእውነት እህትማማቾች ናቸው። አልጄሪያ ከፈረንሳይ ነጻ በወጣች በዓመቱ የወጣ ፊልም ስለሆነ ብዙ ተመልካች የጌታና የሎሌው ነገር የቅኝ ግዛት ነገር መሆኑን ለመረዳት አልተቸገረም።

ፊልሙ ካን ፌስቲቫል ላይ ሲቀርብ ጫጫታ ተነሳ። መራጮቹ አንፈልገውም ብለውት የነበረውን ፊልም ያስገባው የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ነው። ሳርትር፣ ሲሞን ደ ቦቯር፣ አንድሬ ብረቶንና ዠኔም ብዕራቸውን አንስተው ተከላከሉለት። ከየገጠሩ ተነስተው በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ላሉን ለእኛ ይህ ታሪክ የፈረንሳይ ብቻ ነው ወይ? ዜና ስንጽፍ ገደለች ብለን የምንዘጋውን ነገር እሱ ከዚያ በፊት ምን ነበር ብሎ ይጀምረዋል።

ቦምብ፣ ዝምታና አንዲት ፎቶ

ሁለተኛውን ፊልም «የሁከት እረኞች»ን በ1967 ግሪክ ገጠር ውስጥ ሠራ፤ ድሃ እረኛ የሀብታም ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ የሚነሳው መዘዝ ነው። በዚያው ዓመት ኮሎኔሎች የግሪክን ሥልጣን ያዙ። በ1976 የወጣው «ግሎሪያ ሙንዲ» ደግሞ ስለ ማሰቃየት ነው። አንዲት ተዋናይት የተሰቃየች አልጄሪያዊት ታጋይን ለመተወን ሥቃዩን በራሷ ገላ ላይ ትሞክራለች። የተወነችው ያኔ ባለቤቱ የነበረችው ኦልጋ ካርላቶስ ናት። (ከዚያ በፊት ከታዋቂዋ ተዋናይት ከአኑክ ኤሜ ጋር ትዳር ነበረው፤ ኒኮ ተብላ የምትታወቀው ጀርመናዊት ዘፋኝ የመድረክ ስሟ የመጣውም ከእሱ ነው።) ፊልሙ በሚታይበት ሲኒማ ቤት ቦምብ ፈነዳና ከእይታ ወረደ። እንደገና ሕዝብ ፊት የቀረበው ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ኒኮ አሥር ዓመት ያህል ፊልም አልሠራም። በ1986 «ፎቶው»ን ይዞ መጣ። እኔ አብልጬ የምወደው እሱን ነው፤ ዶርም ውስጥ በጓደኛዬ ላፕቶፕ፣ ከሥሩ የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበብን አየነው። ኢሊያስ የተባለ ወጣት በኮሎኔሎቹ ዘመን ግሪክን ትቶ ፓሪስ ወዳለው ዘመዱ ወደ ዤራሲሞስ ይሄዳል። ዤራሲሞስ ብቸኛ ነው፣ አገሩን ናፍቋል። ኢሊያስ ይዞት የመጣውን የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ ያይና ማን ናት ይለዋል። ልጁ እህቴ ናት ብሎ ይዋሻል። ሴትዮዋ ዘፋኝ ናት፤ ምኑም አይደለችም። በቃ፣ ሰውየው ባላያት ሴት ፍቅር ይወድቃል፣ ውሸቱም ደብዳቤ በደብዳቤ እያደገ ማንም ሊመልሰው የማይችል ይሆናል።

ይህን ፊልም የጉራጌ ልጅ ቢያየው ትርጉም አያስፈልገውም። ዘመድ አለኝ ብሎ አዲስ አበባ መውረድ፣ ሠርቶ አድሮ ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት እስኪገባ ቀን መቁጠር፣ ስለ ኑሮው የቤተሰቡን ልብ የሚያሳርፍ ወሬ ብቻ መላክ የእኛም ታሪክ ነው። ፊልሙ ውስጥ ሽጉጥ የሚማዘዝ የለም። ሁለት ሰዎች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይነጋገራሉ፣ እኛ ግን ትንፋሻችንን ይዘን ጨረስነው።

የመጨረሻ ፊልሙ በ1991 የወጣው ስለ ገመድ ላይ ተራማጅ የሚተርከው ፊልም ነው፤ ሚሼል ፒኮሊ የተወነው ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከድሮ ጓደኛው ከዠኔ ነው። ኒኮ በ2003 እ.ኤ.አ. የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2010) በ92 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ አረፈ።

ለእኛ ምናችን ነው?

በ28 ዓመት ውስጥ አምስት ፊልም። ለአንዳንዱ ይህ ስንፍና ነው። እኔ ግን የነጻነት ዋጋ እዚህ ቁጥር ውስጥ ይታየኛል። የታዘዘውን ቢሠራ ኖሮ ሃያ ይሠራ ነበር፤ ያኔ ግን እኔም አልጽፍለትም ነበር። በነገራችን ላይ «ጉማ»ን የሠራው ሚሼል ፓፓታኪስ ሌላ ሰው ነው፤ የአባት ስም መመሳሰሉ አያሳስታችሁ። ኒኮ ኢትዮጵያ ውስጥ ፊልም አልሠራምና የኢትዮጵያ ሲኒማ አባት እንበለው አልልም። የራሳችን ነጻ ፊልም ሠሪ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ አለልን፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ም የወጣው «ግሎሪያ ሙንዲ» በወጣበት በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ምን ያህል ያስተምር ነበር!

ይሁንና የኒኮ ፊልሞች የኖሩት ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች ስላሳዩአቸው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ወይም በጎተ ኢንስቲትዩት እንዲህ ያለ ፊልም የማየት ዕድል አለው። እኛ ወልቂጤና ቡታጅራ ያለን ሰዎች ስልካችንና ፍላሻችን ናቸው ያሉን፤ በስልክ ደግሞ ብቻህን ታያለህ፣ የሚከራከርህ የለም። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ምሽት አንድ ክፍልና አንድ ፕሮጀክተር ይፈቀድልን። ፊልሙን እኛ እናመጣለን፣ ካየን በኋላ እንወያይበታለን፣ የተወያየነውንም ለዚህ ቡሌቲን እንጽፋለን። ሃያ ሰው ከመጣ ይበቃል። በ«ፎቶው» እንጀምር።