ክሮሞሶምን የሰየመው መምህር
ቢቸና ባዮሎጂ ሳስተምር ክሮሞሶምን ያልሰማ ተማሪ አይገጥመኝም፤ ስም አውጪውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ቪልሄልም ቫልዳየር ይባላል፤ በ1836 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ተወልዶ በርሊን ለረጅም ዓመታት አናቶሚ ያስተማረ ሐኪም ነው። ክሮሞሶምን በ1888፣ ኒውሮንን በ1891 ሰየመ። ከዚያ በፊት፣ በ1870፣ የኦቫሪን የላይኛ ሽፋን አጥንቶ እንቁላል የሚመነጨው ከዚሁ ነው አለ፤ ሽፋኑ ጀርሚናል ኤፒቴልየም የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ላይ ግን ተሳስቷል። እንቁላል የሚሆኑት ሕዋሳት ገና በፅንስነት ከሌላ ቦታ ተጉዘው የሚገቡ ናቸው። ባለ አንድ ረድፉ ሽፋን ሥራው ሌላ ነው፦ እንቁላል ሲወጣ የተቀደደውን ይጠግናል፤ ሆርሞን የሚለውጡ ኢንዛይሞችም አሉት። ቫልዳየር በ1921 አረፈ፤ ስያሜው ዛሬም መጽሐፍ ላይ አለ። እንግዲህ ጓዶቼ፣ ስሙን ስናስተምር እርማቱንም አብረን እናስተምር።