ዋልት ኬሊ

ዋልት ኬሊ (ሙሉ ስም፦ ዋልተር ክሮፎርድ ኬሊ፤ ኦገስት 25 ቀን 1913 – ኦክቶበር 18 ቀን 1973) አሜሪካዊ የካርቱን ሠዓሊና ጸሐፊ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ፖጎ በተባለው የጋዜጣ ተከታታይ ካርቱን ነው። ኬሊ ለአንዳንድ ገጸ ባሕርያቱ የየራሳቸውን የፊደል ቅርጽ በመስጠት አንባቢው ድምፃቸውን በዓይኑ እንዲሰማ አድርጓል። በዚህም ምክንያት በኮሚክስ ፊደል አጣጣል ታሪክ ውስጥ ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ኬሊ የተወለደው በፊላደልፊያ ከተማ፣ ፔንሲልቬንያ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለ ቤተሰቡ በኮነቲከት ግዛት ወደምትገኘው ብሪጅፖርት ተዛወረ፤ አባቱም በዚያ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሥራ አገኘ። ብሪጅፖርት የታዋቂው የሰርከስ ባለቤት የፒ. ቲ. ባርነም ከተማ ነበረች፤ ባርነም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የከተማዋ ከንቲባም ሆኖ ሠርቷል። ኬሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ በኋላ ብሪጅፖርት ፖስት በተባለው ጋዜጣ ተቀጠረ። ከሠራቸው ሥራዎች አንዱም የባርነምን የሕይወት ታሪክ በሥዕል ማቅረብ ነበር። የሰርከስ ማስታወቂያና የባርነም ስም ከብዙ ዓመታት በኋላ በካርቱኑ ውስጥ ተመልሰው መጥተዋል።

ከዲዝኒ እስከ ኒው ዮርክ

በ1936 ኬሊ ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በዋልት ዲዝኒ የፊልም ድርጅት ሥራ ጀመረ። በዚያም ፒኖኪዮ፣ ፋንታዝያና ደምቦ በተባሉት የካርቱን ፊልሞች ሥራ ተሳትፏል። የድርጅቱ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ባደረጉበት በ1941 ዲዝኒን ለቆ ወደ ምሥራቅ ተመለሰ፤ ለዴል አሳታሚ የኮሚክስ መጽሔቶችም መሣል ጀመረ። ፖጎ የተባለው ኦፖሰምና አልበርት የተባለው አዞ መጀመሪያ የታዩት ዴል ያሳትመው በነበረው አኒማል ኮሚክስ ነው። ኦፖሰም ልጆቹን በከረጢቱ የሚይዝ ትንሽ የአሜሪካ እንስሳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬሊ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የውጭ ቋንቋ ማስተማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎችን ሠርቷል።

በ1948 ኒው ዮርክ ስታር ለተባለው ጋዜጣ የሥዕል ክፍል ኃላፊና የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 4 ቀን ፖጎን በየዕለቱ በሚወጣ ተከታታይ መልክ አቀረበ። ጋዜጣው በጃንዋሪ 1949 ቢዘጋም ካርቱኑ አብሮት አልሞተም። በሜይ 1949 ፖስት ሆል የተባለ አከፋፋይ ድርጅት ተቀብሎት በመላው አሜሪካ ለሚታተሙ ጋዜጦች ማሠራጨት ጀመረ።

ፖጎ

ታሪኩ የሚካሄደው በጆርጂያና በፍሎሪዳ ግዛቶች ወሰን ላይ ባለው በኦኪፈኖኪ ረግረግ ነው። ፖጎ ትሑትና ሰላም ወዳድ ሲሆን ጓደኛው አልበርት ሲጋራ የማይለየው፣ ሆዱን የሚወድ አዞ ነው። አዋቂ ነኝ ባዩ ጉጉት ሃውላንድና ኤሊው ቸርቺም ዘወትር አብረዋቸው ይታያሉ። እንስሳቱ ፊደሉና ሰዋስዉ ሆን ተብሎ የተጣመመ የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አነጋገር ይናገራሉ። የፖጎ የመጀመሪያ መጽሐፍ በ1951 ታተመ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የካርቱኒስቶች ማኅበር ኬሊን የዓመቱ ምርጥ ካርቱኒስት ብሎ ሸለመው። በ1954 ደግሞ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

የፊደል አጣጣል

በዘመኑ የጋዜጣ ካርቱን ጽሑፍ በእጅ ይጻፍ ነበር። ሠዓሊው ወይም ረዳቱ በወረቀቱ ላይ መስመር አስምሮ ቃላቱን በቀለም ይጽፋል፤ ከዚያ ሥዕሉ ተቀንሶ ይታተማል። ስለዚህ ፊደሉ ሲያንስም መነበብ ነበረበት፤ አብዛኞቹ ካርቱኖችም ለሁሉም ተናጋሪ አንድ ዓይነት ትልልቅ የላቲን ፊደላት ይጠቀሙ ነበር። ኬሊ መጀመሪያ የፎቶ ካሜራ በማያነሣው ፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ ይነድፍና በላዩ ላይ በብሩሽ ቀለም ይሠራ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ጆርጅ ዋርድና ሄንሪ ሺኩማ ረድተውታል።

በፖጎ ውስጥ አብዛኞቹ እንስሳት የሚናገሩት በተለመደው የእጅ ጽሕፈት ነው። ከእነርሱ የተለዩት ሦስት ገጸ ባሕርያት ጎልተው ይታወቃሉ።

ዲያቆን መሽራት፦ ሌላውን መገሠጽ የሚወድ ግብዝ ሰባኪ ነው። ንግግሩ የሚጻፈው በጎቲክ ፊደል ነው፤ ይህም በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለብራና መጻሕፍት ያገለግል የነበረ ወፍራምና ማዕዘናማ አጣጣል ነው። አንባቢው ቃሉን ከማንበቡ በፊት የስብከቱን ድምፅ ከቅርጹ ያገኛል።

ፒ. ቲ. ብሪጅፖርት፦ የሰርከስ አስተዋዋቂ ድብ ነው። ስሙ የተቀናበረው ከባርነምና ከኬሊ የልጅነት ከተማ ነው። ንግግሩ እንደ ጥንት የሰርከስ ማስታወቂያ መጠናቸውና ቅርጻቸው በሚለያይ፣ ባጌጡ ፊደላት ይቀርባል።

ሳርኮፋገስ ማካብር፦ ቀብር አስፈጻሚ ጥንብ አንሳ ነው። ቃሉ የሚጻፈው ጥቁር ጠርዝ ባለው ሳጥን ውስጥ ሲሆን የሐዘን መግለጫ ካርድ ይመስላል።

በአማርኛ ቢታሰብ፣ አንዱ ገጸ ባሕርይ በብራና መጽሐፍ ቁም ጽሕፈት፣ ሌላው በሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊደል፣ ሦስተኛው በመርዶ ማስታወቂያ መልክ እንደሚናገሩ ማለት ነው።

ዘዴው የሠራው በቁጥብነት ስለተያዘ ነው። ሁሉም የየራሱ ፊደል ቢኖረው ኖሮ ገጹ ይዝረከረክ ነበር። ጥቂቶች ብቻ ሲለዩ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ በየቀኑም ስለማይለዋወጥ አንባቢው ተናጋሪውን ከፊደሉ ይለያል። ከዚህም በላይ የፊደሉ ቅርጽና የቃሉ ትርጉም ሊቃረኑ ይችላሉ። ዲያቆኑ በተከበረው ፊደል ተራ ተንኮል ሲናገር ግብዝነቱ ያለ ማብራሪያ ይጋለጣል፤ ፌዙም የሚመነጨው ከዚሁ ቅራኔ ነው።

ፖለቲካና ተቃውሞ

በ1953 ኬሊ ሲምፕል ጄ. ማላርኪ የተባለ የዱር ድመት አስገባ። መልኩ ሰዎችን በኮሚኒስትነት በመወንጀል ይታወቁ የነበሩትን ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲን ይመስል ነበር። ሴናተሩ በወቅቱ እጅግ የሚፈሩ ስለነበሩ ይህን በዕለታዊ የካርቱን ገጽ ላይ ማድረግ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ጋዜጦች ካርቱኑን ቢተዉት ኬሊ ገቢውንም አንባቢውንም ያጣ ነበር። በሮድ አይላንድ ግዛት በፕሮቪደንስ ከተማ የሚታተም አንድ ጋዜጣ የማላርኪ ፊት ዳግመኛ ከታየ ካርቱኑን እንደሚያቋርጥ አስጠነቀቀ። ኬሊም ከሮድ አይላንድ ዝርያ የሆነች ዶሮ ወደ ረግረጉ ስትመጣ ማላርኪ የፕሮቪደንስ ሰው እንዳያየው ብሎ ራሱን በከረጢት እንዲሸፍን አደረገ። ፊቱ ተሸፈነ፤ ፌዙ ግን ቀጠለ። ከጊዜ በኋላ ኬሊ የፖለቲካውን ካርቱን ማተም ለማይፈልጉ ጋዜጦች ጥንቸሎች ያሉበት ለስላሳ ምትክ ያዘጋጅላቸው ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ለ1970ው የመጀመሪያው የምድር ቀን ኬሊ ፖጎ በቆሻሻ የተሞላውን ረግረግ ሲመለከት የሚያሳይ ፖስተር ሠራ። መልእክቱም ለጥፋቱ ተጠያቂው የሰው ልጅ ራሱ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። ኬሊ የስኳር በሽታ ባስከተለበት የጤና ችግር በ60 ዓመቱ በካሊፎርኒያ አረፈ። ባለቤቱ ሰልቢ ከሌሎች ጋር ካርቱኑን ብትቀጥልም በ1975 ተቋረጠ።

ቅርስ

የቦን ኮሚክስ ደራሲ ጄፍ ስሚዝ እና የካልቪንና ሆብስ ደራሲ ቢል ዋተርሰን ኬሊ እንዳነቃቃቸው ገልጸዋል። ለተናጋሪው የሚስማማ ፊደል የመምረጥ ዘዴ በሌሎችም ሥራዎች ይገኛል። ጎስኒና ኡደርዞ ባዘጋጁት የፈረንሣይ ኮሚክስ አስቴሪክስ ውስጥ ጎቶች በጎቲክ ፊደል ይናገራሉ። በሳንድማን ኮሚክስ ደግሞ ፊደል ጸሐፊው ቶድ ክላይን ለዋናው ገጸ ባሕርይ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ሰጥቶታል።

ዛሬ የኮሚክስ ጽሑፍ በአብዛኛው በኮምፒውተር ፎንት ይሠራል። አንድ ፎንት ያንኑ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ ስለሚደግም፣ ብዙ የኮሚክስ ፎንቶች የእጅ ጽሕፈት እንዲመስሉ ለእያንዳንዱ ፊደል ሁለት ቅርጽ ይይዛሉ። ፎንት መቀየር ቀላል ቢሆንም የትኛው ፊደል ለየትኛው ተናጋሪ እንደሚስማማ መወሰን ግን አሁንም የሰው ሥራ ነው። የፖጎ ዕለታዊ ካርቱኖች ከ2011 ጀምሮ በፋንታግራፊክስ አሳታሚ በሙሉ ስብስብ መልክ መታተም ጀምረዋል።