አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እና የእኛ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ዕትም የምናቀርብላችሁ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ አጭር የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችን በታሪክ ትምህርት ሰምተናል። ሐኪም እንደነበሩ፣ አገራችንንም በውጭ እንደወከሉ እናውቃለን። ነገር ግን ቋንቋ ለማስተማር ለምንዘጋጀው ለእኛ ሕይወታቸው ምን እንደሚያስተምር ቆም ብለን አላሰብንበትም። እኛ ያሰብንበት ላንቴ ላይ ከገጠመን ነገር በኋላ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እንናገር።

ለማስተማር ልምምድ ላንቴ በወጣን ጊዜ የትምህርት ዕቅዳችንን አሳምረን፣ ጠመኔያችንን ይዘን ገባን። ዕቅዱ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረበትም። ክፍሉ ግን ዝም አለ። ስንጠይቅ ዝም፣ ደግመን ስንጠይቅ ዝም። በመጨረሻ አንድ ልጅ እጁን አወጣና በጋሞኛ መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር። ታዲያ እኛ ምን አደረግን? በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሌላ ቋንቋ አይነገርም ብለን ጮክ ብለን ገሠጽነው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁም ተቀመጠ፤ በዚያ ሳምንት እጁን ዳግመኛ አላወጣም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ በማንም አናሳብብም። ማታ ስለዚሁ ነገር ስንወያይ ከመካከላችን አንዱ የሐኪም ወርቅነህን ታሪክ አነሣ። እነሆ ታሪኩ።

ወርቅነህ እሸቴ ጎንደር ውስጥ ተወለዱ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ ገና አፉን በቅጡ ያልፈታው ሕፃን ወርቅነህ እዚያው ነበር። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ገባ። ቻምበርሊን የተባለ ኮሎኔል ሕፃኑን ይዞ ወደ ሕንድ ሄደ። ኮሎኔሉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ቻርለስ ማርቲን ተብሎ በሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ይህ ልጅ እንግሊዝኛ የተማረው በሳምንት በተመደበለት ክፍለ ጊዜ አልነበረም። ሲበላም፣ ሲጫወትም፣ ሲያለቅስም የሚሰማውና የሚናገረው ያንኑ ነበር። በዚህም ምክንያት ቋንቋውን እንደ አገሩ ሰው ቻለው። ነገር ግን ዋጋ ከፈለበት። አማርኛው ከአፉ ጠፋ። የራሱ ስም እንኳ ጠፋው። ቋንቋን በመኖር መማር የቱን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ እናያለን፤ አንዱ ቋንቋ ሲገባ ሌላው ተገፍቶ እንዲወጣ ከተደረገ ምን እንደሚከተልም እናያለን።

ወጣቱ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተማሩ፣ ቀጥሎም ስኮትላንድ ሄደው ትምህርታቸውን አሳደጉ፣ ከዚያም በበርማ በሐኪምነት ተቀጠሩ። ደህና ደመወዝ፣ ደህና ኑሮ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ ከኢጣሊያ ጋር እየተዋጋች መሆኗን ሲሰሙ ልባቸው አላረፈም። ከዐድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ በዘይላ በኩል አድርገው፣ ሐረርን አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ። በአገራቸው መሬት ላይ ቆመው ከወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት ግን በአስተርጓሚ ነበር። የተማሩ ሐኪም ሆነው ሳለ በገዛ አገራቸው እንደ ዲዳ! አያታቸው መጥተው ያወቋቸው በአንደበታቸው ሳይሆን በሰውነታቸው ላይ በነበሩ የልጅነት ጠባሳዎች ነው። ያን ጊዜ ወርቅነህ የሚለው ስማቸው ተመለሰላቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ በዚያ ወቅት አማርኛ ስለማይችሉ ብቻ ሰነፍ ናቸው ያላቸው ሰው ቢኖር ምን ያህል በተሳሳተ ነበር! እኛ ግን በላንቴው ልጅ ላይ ያደረግነው ይህንኑ አይደለም ወይ? ልጁ ነገሩን ያውቅ ነበር፤ የጎደለው እንግሊዝኛው ነው። ዕውቀት ማጣትና ቃል ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ያልለየ መምህር ልጅ ይጎዳል።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው፣ እንደገናም መጥተው፣ ከጡረታ በኋላ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ለዘለቄታው አገራቸው ገቡ። አማርኛንም በጎልማሳነታቸው እንደ ተማሪ ተማሩት። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። በዚያ ዘመን በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የፈረንሳይኛ ኃይል ብርቱ ነበር፤ በዚህ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛም ይሰጥ ነበር። ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲኖር ደክመዋል። እኛን ከሁሉ ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነው፤ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያዘጋጁት በአማርኛ ነው። አእምሯቸው በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ሰው ለልጆች ሲጽፉ ልጆቹ የሚገባቸውን ቋንቋ መረጡ። የዕለት ማስታወሻቸውን ደግሞ ለብዙ ዓመታት በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች አልተጣሉባቸውም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ሠራላቸው።

ቀጥሎ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ላይ ሠሩ። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ተባሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወር በልጅነታቸው ሳይወዱ የተማሩት እንግሊዝኛ የአገር መከላከያ መሣሪያ ሆነ፤ የኢትዮጵያን ጉዳይ ያለ አስተርጓሚ ለእንግሊዝ ሕዝብ አስረዱበት። መከራው ግን ቤታቸውንም አላለፈም። እንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በኢጣሊያኖች ተገደሉ። አባት በስደት ሕንድ ቆይተው፣ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ ቦታ ገብቶ የትምህርት ቤቶቻችን ዋና ቋንቋ ሲሆንም ለማየት በቅተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን ይዘን ወደ ክፍል እንመለስ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛንም ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስዱ ፈቅዷል። ኋላ ግን ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣባቸዋል። እኛው ራሳችን የደረሰብን ስለሆነ እናውቀዋለን። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ላንቴ ላይ የሚከተሉትን ሞከርን።

አንደኛ፣ ቃሉን በትርጉም ከመስጠት ዕቃውን አቀረብን። ላንቴ ሙዝና ማንጎ ሞልቷል። ሙዝ ይዘን ገባን፤ ላጥነው፣ ቆረስነው፣ ሰጠነው፣ ተቀበልነው። እያንዳንዱን ድርጊት በእንግሊዝኛ እየተናገርን አሠራናቸው። መርጃ መሣሪያ ለመግዛት አንድ ሳንቲም አላወጣንም።

ሁለተኛ፣ ልጅ ሐሳቡን መጀመሪያ በጋሞኛ ከጎረቤቱ ጋር እንዲመክር ሁለት ደቂቃ ሰጠን። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ለመናገር ይሞክራል። የሚለው ነገር ያለው ልጅ ቃል ይፈልጋል፤ የሚለው የሌለው ምን ቃል ይፈልጋል?

ሦስተኛ፣ በጥንድ አናገርናቸው። ክፍሉ ትልቅ ነው፤ አንድ በአንድ ብንጠይቅ ደወሉ ይደርሳል። በጥንድ ሲሆን ግን ግማሹ ክፍል በአንድ ጊዜ ይናገራል። ጫጫታ አለው፣ አዎ፤ የሥራ ጫጫታ ነው።

አራተኛ፣ እንደ ሐኪም ወርቅነህ የዕለት ማስታወሻ አስጀመርናቸው። በቀን ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ። ስሕተቱን ሁሉ በቀይ ቀለም አላጨቀየነውም፤ አንድ ስሕተት መርጠን አረምን።

ውጤቱስ? ተአምር አልሆነም። ብዙዎቹ አሁንም ይፈራሉ። የተገሠጸው ልጅ ግን በአራተኛው ቀን አባቱ ሙዙን ውኃ እንደሚያጠጣ በደብተሩ ጻፈ፤ በማግስቱም ቆሞ አነበበው። ግሡ ትክክል አልነበረም። እኛም አላቋረጥነውም።

ሁሉም በዚህ አይስማሙም። ትምህርታችንን ከተከታተሉት መምህራን አንዳንዶቹ ለጋሞኛ የሰጠነው ጊዜ በዝቷል፣ ልጆቹ እዚያው ተደላድለው ይቀራሉ ብለው ነቅፈውናል። ነቀፌታው እውነት አለበት። ሁለቱ ደቂቃ አምስት የሆነበት ቀን ነበር። ሰዓቱን ማጥበቅ እንዳለብን ተቀብለናል። በሐኪም ወርቅነህ ላይ የደረሰው ግን በተማሪዎቻችን ላይ እንዲደርስ አንፈልግም። እሳቸው አንዱን ቋንቋ ለማግኘት ሌላውን አጡ፤ የጠፋውንም ለማግኘት ግማሽ ዕድሜያቸውን ፈጀባቸው። የላንቴ ልጅ እንግሊዝኛን ሲያገኝ ጋሞኛውን፣ ስሙንና አያቱን እንደያዘ መሆን አለበት።

ሐሳብ ያላችሁ፣ የምትቃወሙም ጭምር፣ ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። እንማማርበታለን።