ሰር ጁሊያን ሃክስሌይ፦ መንግሥታትን በተፈጥሮ ጥበቃ ያማከሩ ሳይንቲስት

ሰር ጁሊያን ሃክስሌይ እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 1887 በለንደን ከተማ ተወለዱ። አያታቸው ቶማስ ሄንሪ ሃክስሌይ የቻርልስ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ ጠበቃ በመሆን የታወቁ ሊቅ ሲሆኑ፣ ወንድማቸው አልደስ ሃክስሌይም ስመ ጥር ደራሲ ነበሩ። ጁሊያን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሥነ እንስሳት አጥንተው በመምህርነትና በተመራማሪነት አገልግለዋል።

የብሪታንያ መንግሥት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የእንግሊዝንና የዌልስን የዱር ሕይወት አጠባበቅ በሚመለከት የሚያማክረው ልዩ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሃክስሌይን በሰብሳቢነት ሾመ። በኮሚቴው ውስጥ የዕፅዋት ተመራማሪው አርተር ታንስሊ፣ የእንስሳት ተመራማሪው ቻርልስ ኤልተን፣ እንዲሁም የሥነ ምድርና የጂኦግራፊ ምሁራን ተካተቱ። አንድን ሥፍራ ለመጠበቅ አፈሩንና ዐለቱን፣ ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በአንድነት ማወቅ ስለሚያስፈልግ የአባላቱ ስብጥር ለምክሩ ጥራት ወሳኝ ነበር።

ሃክስሌይ እ.ኤ.አ. በ1946 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆነው በመሾማቸው የኮሚቴውን ሥራ ታንስሊ መርተው ከፍጻሜ አደረሱት። በ1947 የቀረበው ሪፖርት 73 ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራዎች እንዲከለሉና በሳይንቲስቶች የሚመራ ቋሚ የመንግሥት ተቋም እንዲመሠረት ሐሳብ አቀረበ። በ1949 በንጉሣዊ ቻርተር የተቋቋመው የተፈጥሮ ጥበቃ ተቋም ሦስት ተግባራት ተሰጡት፤ እነዚህም ሳይንሳዊ ምክር መስጠት፣ ጥብቅ ሥፍራዎችን ማስተዳደርና ምርምር ማካሄድ ናቸው። ምክር ሰጪው አካል የራሱ ተመራማሪዎችና የሚያስተዳድረው መሬት ስለነበረው ምክሩ በመስክ በተገኘ ዕውቀት ላይ እንዲመሠረት አስችሏል።

ሃክስሌይ በዩኔስኮ ሳሉ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ1948 እንዲመሠረት ከፍተኛ ድርሻ ነበራቸው። በ1960 ምሥራቅ አፍሪካን ጎብኝተው በጋዜጣ ያሳተሟቸው ጽሑፎችም በቀጣዩ ዓመት የዓለም የዱር እንስሳት ፈንድ እንዲቋቋም መነሻ ሆኑ።

ሃክስሌይ ከአገራችን ጋር የተገናኙትም በዚሁ የምክር ሥራ ነው። በ1963 ስለ ኢትዮጵያ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ያጠናውን የዩኔስኮ የባለሙያዎች ቡድን መርተዋል። ይህ ጥናትና እርሱን ተከትለው የተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች በኢትዮጵያ ለዘመናዊ የዱር እንስሳት ጥበቃ አስተዳደር መሠረት ጥለዋል። የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በ1969 በሕግ ተደነገጉ። የሰሜን ተራሮች ፓርክም በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ለመሆን በቃ።

ሰር ጁሊያን ሃክስሌይ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1975 በ87 ዓመታቸው አረፉ። አማካሪ አካል ለሕዝብ የሚጠቅመው በሙያው ብቁ የሆኑ ሰዎች ሲመደቡለት፣ ምክሩም በሕግና በተቋም ተደግፎ ሲፈጸም መሆኑን የሥራ ዘመናቸው ያስረዳል።